ባሕሩ የትም አይሄድም፤ ዘንድሮ ላክስተን እንሂድ

ግልጽ ደብዳቤ

በእንግሊዝ ለሚገኙ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ኮሚቴዎች፣ ለዕድር ሰብሳቢዎች እና ለሰንበት ትምህርት ቤት አስተባባሪዎች
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ የዘንድሮውን የሰመር ጉዞ ይመለከታል

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ሰመር በመጣ ቁጥር አውቶቡስ ተከራይተን የምንሄደው ወደ ባሕር ነው። ብራይተን፣ ሳውዝኤንድ፣ ብላክፑል። እንጀራው በላስቲክ ይጠቀለላል፣ ወጡ ከነድስቱ ይጫናል፣ የድምፅ ማጉያውም አይቀርም። እዚያ ስንደርስ ልጆቹ አይስክሬም ይበላሉ፣ ወጣቶቹ ፎቶ ይነሳሉ፣ አዛውንቶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው አግዳሚ ላይ ቁጭ ይላሉ። ንፋሱ ሲገርፋቸው ይውልና ማታ ይመለሳሉ። እንዴት ነበር ሲባሉ "እግዜር ይስጥልን፣ ጥሩ ነበር" ይላሉ። ጨዋ ስለሆኑ ነው።

በባሕሩ ቂም የለኝም። ዘንድሮ ግን አንድ ጊዜ ብቻ መሪውን ወደ ገጠር እንድታዞሩት ልለምናችሁ ነው። ቦታው ላክስተን ይባላል።

ላክስተን ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ያለ የገጠር አጥቢያ ነው። ከለንደን ለሚመጣ ኤ ዋንን ይዞ ወደ ሰሜን፣ ኒውአርክን አልፎ፣ ታክስፎርድ አካባቢ ወደ ግራ መታጠፍ ነው። ከኖቲንግሃም ለሚነሳ በኦለርተን በኩል ይቀርበዋል። ቤተ ክርስቲያን አለው፣ መጠጥ ቤት አለው። በቀይ ጡብ የተሠሩ የገበሬ ቤቶች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ከጎኑ ሞርሃውስ የምትባል ትንሽ መንደር አለች፤ እሷም የአጥቢያው አካል ነች። ለሸመታ ከሆነ አትድከሙ። ሰው እዚያ የሚሄደው መሬቱን ለማየት ነው።

መሬቱ ምን የተለየ ነገር አለው? እስቲ በዚህ አገር ስትጓዙ ከባቡር መስኮት የምታዩትን አስቡት። አረንጓዴ መስክ፣ ዙሪያው በቁጥቋጦ የታጠረ። ቀጥሎ ሌላ መስክ፣ እሱም የታጠረ። እንግሊዝ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ የነበረች ይመስለናል። አልነበረችም። በመካከለኛው ዘመን፣ በተለይ በአገሪቱ መካከለኛ ክፍል፣ አብዛኛው ገበሬ የሚያርሰው አጥር በሌለው ሰፊ ማሳ ላይ ነበር። ከጎረቤቱ ጋር ጎን ለጎን፣ በአንድ ደንብ። ያ አሠራር ከነደንቡና ከነዳኞቹ ዛሬም በሕይወት ያለው ላክስተን ውስጥ ነው። ዴቨን ውስጥ ብራውንተን፣ ሊንከንሻየር ውስጥ አክሶልም የሚባሉ ቦታዎች ላይ ርዝራዡ ይታያል። ገበሬዎቹ በየዓመቱ ተሰብስበው እርስ በርስ የሚዳኙበት ግን ይኸው አንዱ ነው።

ዋነኞቹ ማሳዎች ሦስት ናቸው። ዌስት ፊልድ፣ ሳውዝ ፊልድ እና ሚል ፊልድ ይባላሉ። ሚል ፊልድ ላይ ድሮ የንፋስ ወፍጮ ነበር፤ አሁን ስሙ ብቻ ቀርቷል። ሦስቱ አንድ ላይ ወደ 200 ሄክታር ይጠጋሉ። እያንዳንዱ ማሳ በረጃጅም ቁራጮች ይከፋፈላል። ገበሬው ቁራጮቹ ያሉት አንድ ቦታ አይደለም። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከማዶ ነው። ለሙም ጭንጫውም፣ ሜዳውም ዳገቱም ለሁሉም እንዲዳረስ ነው ይባላል። በረዶ አንዱን ጫፍ ቢመታው ሌላው ይተርፋል። አገር ቤት በአባቱ ርስት አንድ ቁራጭ ቆላ፣ አንድ ቁራጭ ደጋ ለደረሰው ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

የሚዘራውም በተራ ነው። በአንዱ ማሳ ላይ ኦክቶበር ገደማ፣ ብርዱ ሳይጠና፣ ስንዴ ይዘራል። በሁለተኛው ላይ ብርዱ ሲወጣ ገብስ ወይም ባቄላ ወይም ሌላ እህል ይዘራል። ሦስተኛው ድሮ ያርፍ ነበር፤ ዛሬ ሣርና የከብት መኖ ይበቅልበታል። በዓመቱ ተራው ይዞራል። "እኔ ዘንድሮ ደስ ያለኝን እዘራለሁ" ማለት የለም። ማሳው የስንዴ ከሆነ ለሁሉም የስንዴ ነው።

አሁን ወደ ሰዎቻችን ልመለስ።

የባለቤቴ አባት ከጎጃም ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገበሬ ናቸው። ለንደንን አሳየናቸው፤ ቤተ መንግሥቱን፣ ድልድዩን፣ ትልቁን ሰዓት። አንገታቸውን እየነቀነቁ ዞሩ። ከዚያ አንድ የኦክቶበር ቅዳሜ ላክስተን ወሰድኳቸው። ከመኪና ወርደን ማሳው ዳር ባለው የሣር መንገድ ትንሽ እንደሄድን ቆሙ። ጎንበስ ብለው አፈር አነሱ። የላክስተን አፈር ቀይ ሸክላማ ነው፤ እርጥብ ሲሆን ጫማ ያወልቃል። በጣቶቻቸው መካከል አሹት፣ ድቡልቡል አድርገው አዩት፣ ጣሉት።

"ከባድ ነው። ውኃ ይተኛበታል" አሉ።

"አባባ፣ ይኼ ሁሉ ግን የአንድ ሰው እርሻ አይደለም" አልኳቸው፤ አስተማሪ መሆኔ ነው።

"አይቻለሁ። ያኛው ቀድሞ ዘርቷል፤ ቡቃያው ወጥቷል። ይኼኛው ገና ትናንት የዘራ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ ሌላ ሰው ነው፤ ትልሙ ቀጥ ያለ ነው፣ እጁ የሰላ ነው።" ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና "ድንበራቸው የታል?" አሉ።

ችካሉን አሳየኋቸው። ከሣሩ መሃል ብቅ ያለ አጭር እንጨት ነው።

"ችካልማ ይነቀላል። ማነው የሚዳኛቸው?"

ጥያቄው የላክስተን ታሪክ ዋናው ጥያቄ ነው። መልሱን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

በየዓመቱ በኖቬምበር መጨረሻ ገደማ አሥራ ሁለት ገበሬዎች ከአንድ አለቃቸው ጋር ሆነው ይወጣሉ። የሚሄዱት በዚያ ዓመት ስንዴ ወደተዘራበት ማሳ ነው። ቦት ጫማ፣ መዶሻ፣ የችካል ሸክም። ቡድን ቡድን ሆነው ማሳውን ይዞራሉ። ማን ከድንበሩ አልፎ የጋራውን መንገድ አረሰ? ማን የሣሩን ዳር ገመጠ? ማን ቦዩን ሳይጠርግ ቀረ? የተገፋ ድንበር ካገኙ ትክክለኛውን ቦታ ተስማምተው ችካል ይቀጠቅጣሉ። ምሳቸውን መጠጥ ቤቱ ውስጥ ይበላሉ። ከሰዓት በኋላ ጥፋተኞቹንና የሚገባቸውን መቀጮ በወረቀት ያሰፍራሉ። ከዳኞቹ አንዱ ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ስሙ እንደማንም ይጻፋል።

ሳምንት ቆይቶ ጉባኤው ይቀመጣል። የሚቀመጠው መንደሩ ውስጥ ባለው ደቭኮት በሚባለው መጠጥ ቤት ነው። አንድ የሕግ ባለሙያ በመሬቱ ባለቤት ስም ሆኖ ይመራዋል። ወረቀቱ ይነበባል፣ መቀጮው ይጸናል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ዳኞች ተመርጠው ይምላሉ። መገኘት ሲገባው የቀረ ሰው በሳንቲም የሚቆጠር መቀጮ አለበት። ዕድር ቀርቶ የተቀጣ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የድንበር መቀጮውም ቢሆን ትንሽ ነው፤ ማንንም አያደኸይም። እኔ እንደሚመስለኝ የሚከብደው ገንዘቡ ሳይሆን በጎረቤት ፊት ስምህ ሲጠራ ነው።

ይህ ለቱሪስት የሚደረግ ትርኢት እንዳይመስላችሁ። በ1977 የብሪታንያ ፓርላማ የድሮዎቹን የባላባት ችሎቶች የመፍረድ ሥልጣን ሲያነሳ፣ የላክስተን ጉባኤ ግን የለመደውን ሥራ እንዲቀጥል በሕጉ ስሙ ተጠቅሷል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የቆዩት የጉባኤው መዝገቦች ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይገኛሉ። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ያቀረበው ክስ ሁሉ እዚያ አለ፤ የባዘነ ከብት፣ ያልተጠረገ ቦይ፣ የተገፋ ወሰን። ለባዘነው ከብት ደግሞ መንደሩ ውስጥ የተለየ በረት አለው። ድሮ ከብቱ እዚያ ይታሰር ነበር፤ ባለቤቱ መቀጮ ከፍሎ ያስፈታ ነበር።

የባለቤቴ አባት ይህን ሁሉ ሰምተው ያሉት አንድ ነገር ነው። "እኛ ጋ ሽማግሌው ይበቃ ነበር። እነዚህ ግን ጽፈውታል።"

በማሳዎቹ መሃል ሳይክስ የሚባሉ የማይታረሱ የሣር መሬቶች አሉ። ረባዳ ናቸው፤ ማረሻ ነክቷቸው አያውቅም ማለት ይቻላል። ለዚህም ነው በሌላው የእንግሊዝ ገጠር በማዳበሪያና በፀረ አረም የጠፉ የዱር አበቦች እዚያ የተረፉት። ሰመር ላይ፣ ጁን መጨረሻ ወይም ጁላይ መጀመሪያ ገደማ፣ ሣሩ ቁም እንዳለ በሐራጅ ይሸጣል። የገዛው አጭዶ ድርቆሽ ያደርገዋል። ጉዟችንን ከዚያ ሰሞን ጋር ብናገጥመው ደስ ይለኛል፤ ስንዴው ወደ ቢጫ ሲሄድ፣ ሁለተኛው ማሳ ላይ የጸደይ እህሉ ሲቆም፣ ሦስተኛው ላይ ሣሩ ሲታጨድ፣ ሦስቱንም በአንድ ቀን በእግር ዞሮ ማየት ይቻላል።

ስለ ማረሻውም አንድ ነገር ልበል፤ አዛውንቶቻችን እዚህ ላይ ነው የሚነቁት። የእኛ ማረሻ ቀላል ነው። ሁለት በሬ ይጎትተዋል፣ አራሹ ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቤቱ ይዞት ይገባል። አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። ስለዚህ ገበሬው አንዴ አርሶ፣ ቀጥሎ አግድም ይደግማል፣ ይሠልሳል። የማሳው ቅርጽም በዚያው ልክ ሰፋ ያለ ነው። የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ማረሻ ሌላ ነው። ከባድ ነው፣ ብዙ ጊዜ እስከ ስምንት በሬ ይጠመድለታል፤ አፈሩን ገልብጦ ወደ አንድ ጎን ይጥላል። ስምንት በሬ ጠምዶ መዞር ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ መዞሩን ለማሳነስ ማሳውን አስረዘሙት። በሬዎቹ ጫፍ ላይ ከመድረሳቸው በፊት ጠምዘዝ ማለት ስለሚጀምሩ የድሮዎቹ ቁራጮች ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ ሁለቱም ጫፋቸው ወደ ተለያየ አቅጣጫ ታጥፏል። አፈሩም በየዓመቱ ወደ መሃል እየተጣለ መሃሉ ጉብ፣ ዳሩ ጎድጓዳ ሆነ። ውኃው በጎድጓዳው ይወርዳል።

ዛሬ ትራክተር የሚያርሰው ማሳ ላይ ይህ ጉብታ ጠፍቷል። የግጦሽ መሬት በሆነው ላይ ግን ሣሩ ለብሶ ይታያል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሂዱና እዩት፤ ጥላው ትልሙን ያወጣዋል። እነዋሪ አካባቢ መረሬ ላይ ውኃ እንዲንጠፈጠፍ በእጁ መደብና ቦይ ሲያወጣ ያደገ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ኤከር የሚባለው የእንግሊዞች የመሬት ልክም ድሮ በሬ ጠምዶ በአንድ ቀን የሚታረስ መሬት ነበር። የእኛ ጥማድም ያው ነው። ልጆቻችን ይህን ትምህርት ቤት አይሰሙትም፤ አያታቸው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግሯቸዋል።

እንግዲህ ሌላው እንግሊዝ የት ሄደ? ታጠረ። ከ1604 እስከ 1914 ባለው ጊዜ ፓርላማው 5,200 ገደማ የማጠሪያ ሕጎችን አውጥቷል። የእንግሊዝን መሬት አንድ አምስተኛ የሚያህል ነው በእነዚህ ሕጎች የታጠረው። በስምምነት የታጠረው ከዚህ ውጭ ነው። ቁራጮቹ ተሰብስበው ለየባለቤቱ አንድ ቦታ ተሰጡ፣ ዙሪያቸው ቁጥቋጦ ተተከለ። ምርት ጨመረ የሚሉ አሉ፤ በብዙ ቦታ እውነትም ጨምሯል። ግን የጋራው ግጦሽ ላይ አንዲት ላሙን ያሰማራ የነበረ ድሃ ላሙን ሸጦ የቀን ሠራተኛ ሆነ። ከባቡር መስኮት ስታዩት የሚያምረው ያ አጥር ብዙ ሰው ያፈናቀለ አጥር ነው። ይህን ስጽፍ የአገር ቤት ነገር ውል የሚለው ሰው ይኖራል። ልክ ነው፤ ግን ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ላክስተን እንዴት ተረፈ? በከፊል በአጋጣሚ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን እዚያም ጥቂት መሬት ታጥሯል። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን የአካባቢው ሁለት ትልልቅ ባላባቶች፣ ኧርል ማንቨርስና ኧርል ስካርብራ፣ ስለ አጠቃላዩ ማጠር ሊስማሙ አልቻሉም። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንላለን። ላክስተን ላይ ሣሩ ተረፈ። በኋላ፣ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ቁራጮቹን እያገጣጠሙ ቁጥራቸውን ቀነሱ፣ ስፋታቸውን ጨመሩ። ዛሬ የምታዩት እሱን ነው። የድሮው ከዚያ በጣም የጠበበ ነበር።

ምን ያህል እንደጠበበ የሚያሳይ ካርታ አለ። በ1635 ማርክ ፒርስ የሚባል መሬት ለኪ ነው የሠራው፤ ያሠራው ደግሞ በዚያን ጊዜ መሬቱን የያዘው ሰር ዊልያም ኮርተን የሚባል የለንደን ሀብታም ነጋዴ ነው። ካርታው እያንዳንዱን ቁራጭ መሬት ያሳያል፤ አብሮት ያለው መዝገብ የማን እንደሆነ ይነግራል። ዋናው ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። እኔ ካርታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ለኪው በማሳዎቹ ላይ ሰዎቹን ስሏቸዋል። አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ይዘራል፣ አጫጆች ጎንበስ ብለዋል፣ ከብት ይነዳል፣ ወዲያ ደግሞ ባላባቶቹ በፈረስ አጋዘን ያሳድዳሉ። ለመሬት ለኪ ሥራ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም ነበር። ደስ ብሎት ነው የሳለው ብዬ አምናለሁ።

ገነት ነበር እያልኩ እንዳይመስላችሁ። በ1066 ኖርማኖች አገሪቱን ሲይዙ ላክስተን ቶኪ ከሚባል ሰው ተወስዶ ለጀፍሪ አልስሊን ተሰጠ። ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1086 በተጠናቀረው የንጉሡ መዝገብ ላይ ይህ ተጽፏል። ያራሹን ሐሳብ የጠየቀ የለም። ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ገበሬው ለጌታው ጉልበቱን የሚገብር ጭሰኛ ነበር። ከመንደሩ ሰሜን ያለው የአፈር ጉብታ የጌቶቹ አምባ ነው። አምባው የእንጨትና የአፈር ሆኖ ተጀምሮ የሸርውድ የንጉሥ ደን ጠባቂዎች መቀመጫ ሆነ። ልጆቹ ሮቢን ሁድን ያውቁታል አይደል? እሱን ያሳድዱት የነበሩት ዓይነት ሰዎች መኖሪያ ነው በሏቸውና ጉብታው ላይ ሲሮጡ ይዋሉ። ዛሬ ሣርና ዛፍ ብቻ ነው፤ መውጣት ይቻላል።

መሬቱ አሁንም የገበሬዎቹ አይደለም። ተከራዮች ናቸው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የፒየርፖንት ቤተሰብ ያዘው፤ ኧርል ማንቨርሶች የእነሱ ወገን ናቸው። በ1952 የመጨረሻው ኧርል ላክስተንን ለእርሻ ሚኒስቴር ሸጠው፤ ጥንታዊው አሠራር እንዳይጠፋ ተብሎ ነው። በ1981 ወደ ዘውዱ ንብረት አስተዳዳሪ ወደ ክራውን ኢስቴት ተዛወረ። ክራውን ኢስቴት ደግሞ ሊሸጠው መሆኑን ሲያሳውቅ ብዙ ሰው ሰጋ፤ የሚገዛው ቢያጥረውስ? በ2020 የገዛው ቶርስቢ ኢስቴት ነው። ቶርስቢ የዚያው የፒየርፖንት ቤተሰብ ርስት ስለሆነ መሬቱ ዞሮ ዞሮ ወደ ድሮ ቤቱ ገባ። አሠራሩም ቀጥሏል። ግን ትራክተርና የእህል ዋጋ ባለበት ዘመን በተበታተነ ቁራጭ ማረስ ትርፍ አይደለም፤ ችግር ነው። ስለዚህ ሰው ሄዶ ማየቱ፣ መጠየቁ፣ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ምሳ መብላቱ ዋጋ አለው ባይ ነኝ።

ቤተ ክርስቲያኑን አትለፉት። የቅዱስ ሚካኤል ነው፤ ይህን ስነግራቸው አባባ ወዲያው ነጠላቸውን አስተካከሉ። በ1860 አካባቢ በደንብ ታድሷል። ውስጡ ኤቨሪንግሃም የሚባሉት የአካባቢው ጌቶች የመቃብር ምስሎች አሉ። ወንዶቹ ድንጋይ ናቸው። አንዷ ሴት ግን ከኦክ እንጨት ተጠርባለች፤ ከ14ኛው መቶ ዘመን እስከ ዛሬ ብል ሳይጨርሳት መቆየቷ ይገርማል።

አሁን የምጠይቃችሁን ልጻፍ።

እዚህ አገር የመጡ ወላጆቻችን ሁሉን ነገር ከልጆች ነው የሚማሩት። ስልኩን የሚከፍትላቸው ልጅ ነው። ሐኪሙን የሚያስተረጉምላቸው ልጅ ነው። ባቡር ላይ ትኬቱን የሚነካላቸው ልጅ ነው። አገር ያስተዳደረ፣ ድንበር የዳኘ፣ በሬ የገራ ሰው ማንቸስተር ወይም ሊድስ ሲደርስ የሚያውቀው ሁሉ ባዶ ይሆንበታል። ላክስተን ላይ ይህ ይገለበጣል። እዚያ ማሳ ዳር ቆሞ ምን እንደሚያይ የሚያውቀው አዛውንቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባው የልጅ ልጅ አንድ አይነት ሣር ነው የሚታየው። ስለዚህ አስጎብኚ አንቅጠር። አስጎብኚዎቹን ይዘናቸው እንሂድ። ከገበሬ ቤት የወጡትን እናቶችና አባቶች ከፊት ወንበር አስቀምጡልኝ፣ ልጆቹ ከእነሱ ጋር ጥንድ ጥንድ ሆነው ይዙሩ፣ ይጠይቁ። ድርቆሹ፣ ትልሙ፣ ችካሉ፣ ቦዩ። አማርኛው የሚያቅተው ልጅ እዚያ ለመማር ምክንያት ያገኛል፤ በክፍል ውስጥ ስንለምነው ያላደረገውን ማለቴ ነው።

ለጉዞው የሚሆኑ ጥቂት ነገሮች። ትልቅ አውቶቡስ ጠባቦቹ የማሳ መንገዶች ላይ አይግባ፤ መንደሩ ላይ አውርዶን ይቁም። መጠጥ ቤቱ ጋ ስለ ቦታው የሚያስረዳ ትንሽ የጎብኚዎች ክፍል አለ፤ ከዚያ መጀመር ጥሩ ነው። ብዙ ሆነን ስንሄድ ቀድሞ ደውሎ መንገር ጨዋነት ነው። የራሳችንን ምግብ መጠጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አንዘርጋ፤ ሌላ ቦታ እንብላና ሻይና ቢራውን ከእነሱ እንግዛ። "የሰው መሬት ነው፣ ይባርሩናል" ብሎ የሚፈራ አይጠፋም። በዚህ አገር በእርሻ መሃል የሚያልፉ የሕዝብ የእግር መንገዶች በሕግ የተጠበቁ ናቸው። ምልክት አላቸው። መንገዱን እስካልለቀቃችሁ ድረስ ገበሬው ሰላም ብሏችሁ ያልፋል። ስንዴው ውስጥ ግን ለፎቶ እንዳትገቡ፤ ይህን ለወጣቶቹ ደግሜ እናገራለሁ። ነጭ ስኒከር አታድርጉ። ዝናብ ከጣለ አፈሩ ምን እንደሚያደርግ ከላይ ጽፌያለሁ።

የችካሉን ቀን ማየት የሚፈልግ ካለ በኖቬምበር በትንሽ መኪና እንሄዳለን፤ ለአውቶቡስ አይሆንም፣ ብርዱም አይቻልም። ዳኞቹ ሥራ ላይ ስለሆኑ ራቅ ብሎ ማየት ነው።

ይህን ደብዳቤ በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባችሁ ላይ እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ። ባሕር የሚሻላቸው ካሉ ድምፅ ይሰጥበት። ላክስተን ካሸነፈ ግን ቀኑን ቶሎ ቁረጡልኝ፤ የሰመር አውቶቡስ ከአሁኑ ካልተያዘ ዋጋው አይቀመስም። ስም የምመዘግበው እኔ ነኝ፣ መዋጮውን እንደተለመደው ገንዘብ ያዦቹ ይሰብስቡ። ከሰባ ዓመት በላይ ለሆኑት በነፃ ይሁን የሚል ሐሳብ አለኝ።

ከአክብሮት ጋር
የጉዞ ኮሚቴ አባል የሆነ አንድ ወንድማችሁ